ማብራቱ ቀላል ነው፣ ጉዱ ማጥፋቱ ላይ ነው

ስለ ሞሽን ሴንሰር፣ ማለትም የሰውን እንቅስቃሴ አይቶ መብራት ስለሚያበራና ስለሚያጠፋ ዕቃ፣ የተሠሩ ቪዲዮዎችን አይታችሁ ከሆነ ሁሉም አንድ ዓይነት ናቸው። ሰውዬው በሩን ከፍቶ ይገባል፣ መብራቱ ቦግ ይላል፣ ሰውዬው ወደ ካሜራው ዞሮ ፈገግ ይላል፣ አለቀ። ከዚያ ሶፋው ላይ ቁጭ ብሎ ስልኩን መነካካት ሲጀምርና ከአምስት ደቂቃ በኋላ ጨለማ ሲውጠው የሚያሳይ ግን እስካሁን አላጋጠመኝም። እኔ ደግሞ ይህን ነገር ቤቴ ውስጥ ከዘረጋሁ ወዲህ የታገልኩት ከዚያኛው ጋር ነው።

የምንኖረው እኔና እማዬ ነን፤ ልደታ ኮንዶሚኒየም፣ ባለ ሁለት መኝታ። የምሠራው ላብራቶሪ ውስጥ በፈረቃ ስለሆነ ሰው ሲተኛ ወጥቼ ሰው ሲነሣ የምተኛበት ሳምንት አለ። እማዬ በበኩሏ ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ትነሣለች። ዳዊቷን ትደግማለች፤ ጉልበቷ የፈቀደላት ቀን ደግሞ ነጠላዋን አጣፍታ ለኪዳን ወደ ልደታ ማርያም ትሄዳለች። ከመኝታ ቤቷ እስከ መታጠቢያ ቤቱ ያለው ኮሪደር መስኮት የለውም። ማብሪያው ያለው በሳሎኑ በኩል ነው፤ መብራት ለማብራት መጀመሪያ ጨለማውን በዳበሳ ማቋረጥ ያስፈልጋል ማለት ነው። ፕላኑን የሠራው ሰው ምን አስቦ እንደሆነ እግዜር ይወቀው። ነገሩ ሁሉ የጀመረው ከዚያ ኮሪደር ነው።

ሰው ሲሰማ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ "ቆጣሪው ላይ ይቀንሳል ወይ?" ብሎ ነው። እውነቱን ለመናገር እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። የኮሪደሩ ኤልኢዲ አምፖል 9 ዋት ነው። በቀን 5 ሰዓት ያለ ሥራ ቢበራ እንኳ በወር 1.35 ኪሎዋት ሰዓት ነው የሚበላው። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ያህል ይስባል፤ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ሲግል የአምፖሉን የወር ፍጆታ አልፎት ሄዷል። ድሮ ባለ 60 ዋቱ አምፖል በነበረበት ዘመን ቢሆን ሒሳቡ ሌላ ነበር። ዛሬ ግን የመብራት ሒሳብ ማዳን የፈለገ ሰው ሴንሰር ከሚገዛ እንጀራውን ሰብሰብ አድርጎ በአንድ ጊዜ ቢጋግር ይሻለዋል። ሴንሰር የሚገዛው ለጉልበት፣ ለጨለማ፣ በሁለት እጅ ዕቃ ተሸክሞ ለመግባት ነው።

አሠራሩን ትንሽ ላብራራ፣ ያለዚያ የሚቀጥለው ወሬ አይገባም። በብዛት የሚሸጠው ርካሹ ሴንሰር ፒአይአር ይባላል። ከፊት ያለችው ነጭ የፕላስቲክ ጉልላት በትንንሽ ሌንሶች የተሞላች ናት። ከሰውነታችን የሚወጣውን፣ በዓይን የማይታየውን የኢንፍራሬድ ጨረር ሰብስባ ከውስጥ ባለች፣ ለሁለት በተከፈለች ትንሽ አካል ላይ ታሳርፈዋለች። ሌንሶቹ ክፍሉን በብዙ ቀጫጭን ዞን ይከፋፍሉታል። ሰው ከአንዱ ዞን ወደ ሌላው ሲሻገር አንዱ ግማሽ ከሌላው የበለጠ ሙቀት ያያል፤ ሴንሰሩ ያኔ "ሰው አለ" ይላል። ሁለቱ ግማሾች እኩል ካዩ ግን ፊቱ ላይ ሰው ተገትሮ ቢውልም ዝም ነው።

ስለዚህ ሴንሰሩን የት እንደምትሰቅሉት ከዋጋው ይበልጥ ይወስናል። ሰው ፊት ለፊት እየቀረበ ሲመጣ ዞኖቹን ብዙም ስለማያቋርጥ ዘግይቶ ነው የሚያየው፤ በፊቱ አቋርጦ ሲያልፍ ግን ወዲያው። በኮሪደሩ ጫፍ መስቀሉን ትቼ በጎን ግድግዳው ላይ፣ ከእማዬ በር አጠገብ ያደረግሁት ለዚያ ነው። የአዲስ አበባ ብርድም ይጠቅማል። የሰው ገላና የግድግዳው ሙቀት በተራራቀ ቁጥር ሴንሰሩ በደንብ ያያል፤ ግድግዳው ራሱ 35 ዲግሪ በሚደርስበት ቆላ ያው ዕቃ ይደናበራል። የመስኮት መስታወት አያሳልፍለትም፣ በረንዳ ላይ የቆመ ሰው ከውስጥ አይታየውም። የሚያታልለው የሚንቀሳቀስ ሙቀት ነው፦ ከምጣድ የሚነሣ እንፋሎት፣ ፀሐይ ያሞቀው መጋረጃ በነፋስ ሲወዛወዝ፣ ከከሰል ምድጃ የሚወጣ ትኩስ አየር።

ኮሪደሩ በዚህ ተፈታ። አንድ ደቂቃ፣ ከዚያ ይጥፋ፤ እዚያ ቆሞ የሚያወጋ ሰው የለም። ጉዱ የመጣው እማዬ ኮሪደሩን ወድዳው "እኔም ክፍል አድርጊልኝ" ስትል ነው።

ሴንሰሩን ከበሩ በላይ ሰቀልኩላት፣ ማቆያውን፣ ማለትም እንቅስቃሴ ከጠፋ በኋላ መብራቱ በርቶ የሚቆይበትን ጊዜ፣ 5 ደቂቃ አደረግሁት። ሌሊት ብድግ ስትል መብራቱ ይበራል። መነጽሯን አድርጋ፣ ዳዊቱን ጭኗ ላይ ዘርግታ ትጀምራለች። ከዚያ በኋላ የሚንቀሳቀሰው ከንፈሯ ብቻ ነው፤ ገጽ ስትገልጥ እንኳ በጣቷ ጫፍ ነው። ለፒአይአሩ እሷ የለችም። መዝሙሩ ሳያልቅ ድርግም። እጇን ታወዛውዛለች፣ ይበራል፣ የት እንደደረሰች ትፈልጋለች፣ ትቀጥላለች፣ እንደገና ድርግም። ጠዋት ከሥራ ስገባ ቁርስ እያቀረበችልኝ፣ "የነፍስ አባቴ እንኳ ለጉልበቴ ብለው የተዉልኝን ስግደት መብራትሽ አዘዘብኝ" አለችኝ።

ማቆያውን ወደ 30 ደቂቃ መግፋት የሁሉም ሰው የመጀመሪያ ሐሳብ ነው። ይሠራልም። ነገር ግን ዳዊቱን አስቀምጣ ጋደም ስትል ግማሽ ሰዓት ሙሉ ፊቷ ላይ ይበራል፤ በእንቅልፍ ልቧ ገልበጥ ባለች ቁጥር ደግሞ ቆጠራው ከዜሮ ይጀምራል።

ሌላው መንገድ የራዳር ሴንሰር ነው። ኤልዲ2410 የምትባል 24 ጊጋኸርዝ ላይ የምትሠራ ትንሽዬ ሰሌዳ አለች፤ ደረት በትንፋሽ ከፍ ዝቅ ሲል ሳይቀር ትለያለች። ቁጭ ብሎ ዝም ያለ ሰው አያመልጣትም። ለእማዬ ክፍል መድኃኒቱ ይሄው ይመስላል። ግን አስቡት፣ የተኛ ሰውም ይተነፍሳል። ዳዊት የሚደግም ሰውና ያንቀላፋ ሰው ለራዳሩ አንድ ናቸው። ፒአይአሩ ሁለቱንም "የሉም" ይላል፣ ራዳሩ ሁለቱንም "አሉ" ይላል፤ ከሁለቱ ሰዎች መብራት የሚፈልገው የትኛው እንደሆነ ግን ፒአይአሩም ራዳሩም አይነግሯችሁም።

ስለዚህ የመኝታ ቤቱን ትልቁን መብራት ለሴንሰር አልሰጠሁም። ከአልጋው ሥር፣ ከወለሉ አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ፣ ወደ ታች የዞረ ሴንሰር አለ። የሚያየው እግሯ መሬት ሲነካ ብቻ ነው፤ አልጋ ላይ ብትገላበጥ አያገባውም። እሱ የሚያበራው ከአልጋው ጠርዝ ሥር የተለጠፈ ኤልኢዲ ስትሪፕ ነው፤ ከሙሉ ኃይሉ አንድ አሥረኛ፣ ቀለሙም 2700 ኬልቪን የሚባለው ቢጫማው። እኛ ሰፈር ሱቆቹን የሞላው 6500 ኬልቪኑ ነጭ ነው፤ ሰማያዊ የሚበዛበት ብርሃን ሌሊት ዓይን ውስጥ ሲገባ እንቅልፍን ያባርራል። የዳዊቱን መብራት ግን ራስጌዋ ላይ ባለች ቁልፍ ራሷ ታበራለች፣ ራሷ ታጠፋለች።

አሁን ሰው ሲያማክረኝ ስለ ሴንሰር ዓይነት ከማውራቴ በፊት፣ "እዚህ ክፍል ውስጥ ሰው ዝም የሚለው ምን ሲያደርግ ነው?" ብዬ እጠይቃለሁ። መታጠቢያ ቤት ውስጥ ሰው የት ዝም እንደሚል መናገር አያስፈልግም፤ 10 ደቂቃ ስጡት፣ የሻወር መጋረጃ ካለ 15። ሳሙና ዓይናችሁ ውስጥ ገብቶ መብራት ሲጠፋባችሁ የምትሉትን እኔ አልጽፈውም።

ሳሎን ለራዳሩ የተፈጠረ ክፍል ነው። ቡና ከተፈላ እንግዳ ከአቦል እስከ በረካ ከተቀመጠበት ላይነሣ ይችላል፤ እንግዳ ተቀምጦ መብራት ማጥፋት ደግሞ ውጣ ማለት ነው። እዚያ ሁለቱን አጣምሬያለሁ። ፒአይአሩ ፈጣን ስለሆነ ያበራል፣ ራዳሩ ሰው እስካለ ይይዘዋል፣ ሁለቱም "የለም" ካሉ ከ3 ደቂቃ በኋላ ይጠፋል። ራዳሩ ግን እንዲሁ ተገዝቶ የሚሰቀል ዕቃ አይደለም። ኤልዲ2410 ርቀትን በ75 ሴንቲሜትር እየከፋፈለች ነው የምትቆጥረው፤ ለእያንዳንዱ ክፍልፋይ ምን ያህል ንቁ እንድትሆን ማስተካከል ይቻላል። ጨረሯ የእንጨት በር ስለሚያልፍ፣ እማዬ በኮሪደሩ ባለፈች ቁጥር "ሳሎን ውስጥ ሰው አለ" ትል ነበር። ከበሩ ወዲያ ያሉትን ክፍልፋዮች ዘግቼ ተገላገልኩ። ስሱ መጋረጃ ሲወዛወዝም ሰው ይመስላታል። የብሎኬቱ ግድግዳ ግን ጎረቤትን ከልሎልኛል።

ቀን ቀን እንዳይበራ ማድረግ እዚህ አገር ቀላል ነው ማለት ይቻላል። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነች ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ የምትጠልቀው ከ12 ሰዓት ገደማ እስከ 12 ሰዓት ከ50 ገደማ ባለው ውስጥ ነው። መብራቶቹን የሚያዘው ሲስተም 18:00 የሚለው የእኛ 12 ሰዓት ስለሆነ፣ እማዬ "ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ሳሎኑ ደብዘዝ ይበል" ስትል 22:00 ብዬ ነው የምጽፈው፤ ይለመዳል። ሰዓት የማይፈታው ክረምቱን ነው። ሐምሌና ነሐሴ፣ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ዶፍ ሊጥል ሲል ሳሎኑ ይጨልማል። ስለዚህ ሰዓቱን ትቼ ብርሃን የሚለካ ሴንሰር መስኮቱ አጠገብ አደረግሁ። እሱ ደግሞ የራሱን አምፖል ማየት የለበትም፤ ካየ "ብርሃን አለ" ብሎ ያጠፋል፣ ሲጠፋ "ጨለመ" ብሎ ያበራል፣ ሳሎናችሁ ጭፈራ ቤት ይሆናል።

ከግድግዳው ማብሪያ ጋር ያለው ትግል ሌላ ነው። ስማርት አምፖል (በገመድ አልባ ትእዛዝ የሚበራና የሚጠፋ) ብቻ ገዝታችሁ ከሆነ፣ ቤት ውስጥ ማብሪያውን ቀጭ የሚያደርግ አንድ ሰው እስካለ ድረስ አለቀላችሁ፤ ኮረንቲ ያልደረሰው አምፖል ምንም ቢራቀቅ አይታዘዝም። እማዬ ደግሞ ዕድሜዋን ሙሉ ከክፍል ስትወጣ መብራት እያጠፋች የኖረች ሴት ናት። ያንን ተዪ ማለት አይቻልም፣ ነውርም ነው። መፍትሔው ማብሪያው እንዳለ ሆኖ ከጀርባው የምትገባ ትንሽ ሪሌ፣ ማለትም በትእዛዝ ኮረንቲ የምታገናኝና የምታቋርጥ ዕቃ ናት። እማዬ በእጇ ብትጫን ትሠራለች፣ ሴንሰሩም ቢያዛት ትሠራለች። ግን ሪሌዋ ራሷ ለመሥራት የምትፈልገው ኒውትራል (ኮረንቲው የሚመለስበት ሽቦ) በእኛ ማብሪያ ሣጥን ውስጥ የለም፤ ፌዙ (ኮረንቲ የሚያመጣው ሽቦ) ገብቶ ፌዙ ይወጣል። ብዙ ቤት እንደዚያ ነው። ኒውትራል የማይፈልጉ ሪሌዎች አሉ፤ ለራሳቸው የሚሆን ጥቂት ኮረንቲ በአምፖሉ በኩል ስለሚያሳልፉ ግን አነስተኛ ዋት ያላት ኤልኢዲ ጠፍታም ጭል ጭል ልትል ትችላለች። ኤሌክትሪሻናችን ጀንክሽን ቦክሱን (ሽቦዎቹ የሚገናኙበትን ሣጥን) ከፍቶ ኒውትራሉን እዚያ አገኘው፣ ሪሌዋንም እዚያው አስቀመጣት። 220 ቮልት ነው፤ ብሬከሩን ሳታወርዱና በቴስተር ሳታረጋግጡ አትንኩ፣ ካልለመዳችሁት ደግሞ ጭራሽ ለባለሙያ ተዉት።

መብራት ሲጠፋስ? የዚህ ቤት እውነተኛ ፈተና ይሄ ነው። ብዙዎቹ ርካሽ የዋይፋይ ሴንሰሮች ትእዛዙን የሚያስተላልፉት በኢንተርኔት ነው፤ እማዬ ኮሪደር ላይ እግሯን ስታነሣ መልእክቱ ከልደታ ተነሥቶ ባሕር ተሻግሮ፣ ሌላ አገር ያለ ሰርቨር ደርሶ ይመለሳል። ኢንተርኔት ከሌለ የለም። እኔ ሆም አሲስታንት የሚባለውን የቤት ዕቃ ማዘዣ ፕሮግራም ራስፕቤሪ ፓይ በምትባል ትንሽ ኮምፒውተር ላይ ጭኜ ነው የምጠቀመው፣ ሴንሰሮቹም ኢንተርኔት በማይፈልገው በዚግቢ የገመድ አልባ ግንኙነት ነው የሚነጋገሩት፤ ሁሉም ነገር እዚሁ ቤት ውስጥ ያልቃል። ዋናው መብራት ሲጠፋ ግን ፓይውን በትንሽ ባትሪ ብታቆዩትም የሚያበራው አምፖል የለውም። ስለዚህ በቻርጀር የምትሞላ፣ ሞሽን ሴንሰር የተሠራላት፣ በማግኔት የምትለጠፍ የኤልኢዲ ዘንግ ኮሪደሩ ላይ አለች። ከዚህ ሁሉ ዕቃ ርካሿ እሷ ናት፣ በጨለማ ቀን የምታኮራውም እሷ ናት። ከኮሪደር ሌላ ምንም የማያስጨንቀው ሰው ይህን ሁሉ ማንበብ ትቶ እሷን ገዝቶ ቢለጥፍ ይበቃዋል።

መብራቱ ሲመለስ ያለውም መታሰብ አለበት። ብዙ ስማርት አምፖል ኮረንቲ ሲመለስለት ሙሉ በሙሉ እንዲበራ ሆኖ ነው ከፋብሪካ የሚመጣው፤ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ መብራት ሲመጣ ቤቱ በሙሉ ሠርግ ቤት ይመስላል። መቼቱ ውስጥ ገብታችሁ "ወደ ነበረበት ይመለስ" የሚለውን ምረጡ። ከኮረንቲ የሚሠሩት ፒአይአሮችም ኃይል ሲያገኙ እስኪረጋጉ አንድ ደቂቃ ያህል ሰው ሳይኖር "ሰው አለ" ሊሉ ይችላሉ፤ በዚያ አንድ ደቂቃ ውስጥ የሚሉትን አትስሟቸው የሚል ትእዛዝ ጽፌላቸዋለሁ። በባትሪ የሚሠሩት ሴንሰሮች ባትሪ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሳንቲም ቅርጽ ያለው ስለሆነ ሴንሰር ከመግዛታችሁ በፊት የትኛውን ቁጥር እንደሚወስድ አይታችሁ፣ ሰፈራችሁ ያለው የሰዓት ሠሪ እንዳለው ጠይቁ።

ወንድሜ ቨርጂኒያ ነው። ስለ ሴንሰሮቹ ሲሰማ በጣም ደስ አለው፤ "እስከ ጠዋቱ 2 ሰዓት ካልተንቀሳቀሰች ስልኬ ላይ ይጩህልኝ፣ ሌሊት ስንቴ እንደምትነሣም ልይ" አለኝ። ለመሥራት የአንድ ሻይ ሰዓት አይወስድም። ሆም አሲስታንት ካልከለከላችሁት የእያንዳንዱን ሴንሰር ታሪክ ለ10 ቀን ያስቀምጣል፤ እማዬ በስንት ሰዓት እንደተነሣች፣ መታጠቢያ ቤት ምን ያህል እንደቆየች ሁሉም እዚያ ተጽፏል። እኔ ደግሞ ላብራቶሪ የምውል ሰው ነኝ፤ አንድ ሰው ሌሊት ስንቴ ለሽንት እንደሚነሣ ስለ ስኳሩ፣ ስለ ልቡም ምን ሊጠቁም እንደሚችል አውቃለሁ። የሕክምና መዝገብ ነው፣ ካርድ ያልወጣለት። ስለዚህ ለራሷ ነገርኳት፣ ስልኬ ላይም አሳየኋት። መነጽሯን አውልቃ አየችኝና፣ "እሱ አሜሪካ ቁጭ ብሎ ሽንቴን ሊቆጥር ነው? ደህና መሆኔን ካሻው ይደውል!" አለች።

የእሷን ክፍል፣ የኮሪደሩንና የመታጠቢያ ቤቱን ታሪክ እንዳይመዘግብ አደረግሁት። ሴንሰሮቹ ያበራሉ፣ ያጠፋሉ፣ ይረሳሉ። ወንድሜ አኩርፎ ሰነበተ፤ አሁን ግን እሱ ከመተኛቱ በፊት ይደውላል፣ እዚህ ይነጋል። ቤተሰብ ያለው ሰው ይህን ጉዳይ ሴንሰሩ ከመሰቀሉ በፊት ቢያነሣው ይሻላል ባይ ነኝ፤ በኋላ የመጣ እንደሆነ ሰው ቤቱ ውስጥ ሰላይ እንደተቀመጠበት ነው የሚሰማው።

ኩሽናው እስካሁን በእጅ ነው። እንፋሎቱ አንድ ነገር ሆኖ፣ እማዬም አልፈልግም ብላለች፤ ቢላዋ ይዤ ድርግም ቢልብኝስ ትላለች፣ እውነቷን ነው።

አሁን ደግሞ የብሎካችን ኮሚቴ ስለ ቤቱ ሰምቶ ለደረጃው ምን እናድርግ ብሎ ጠይቆኛል። ደረጃ ላይ ሌሊቱን ሙሉ የሚበሩት አምፖሎች ሒሳብ ለሁሉም ቤት ስለሚከፋፈል፣ እዚህ ላይ ቁጠባውም ትርጉም አለው። ሴንሰሩ ውስጡ የተሠራለት አምፖል ይበቃ ነበር፤ ችግሩ ማቆያው ብዙ ጊዜ ከፋብሪካው የተወሰነ ነው፣ አይስተካከልም። ጎረቤታችን ጋሼ ደግሞ አራተኛ ፎቅ ነው የሚኖሩት፤ ሁልጊዜ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ሲደርሱ የደረጃውን ብረት ይዘው ቆመው ትንፋሻቸውን ይሰበስባሉ፣ ሰው ካገኙም ያወጋሉ። ስለዚህ ለሌሎቹ ፎቆች ተራው አምፖል ይግባ፣ ለሁለተኛው ግን ማቆያው የሚስተካከል ለብቻው የሆነ ሴንሰር ተገዝቶ 4 ደቂቃ ይሁን ብያለሁ። ኮሚቴው በሐሳቡ ተስማምቷል፤ የልዩነቱን ዋጋ ሁሉም ቤት ይክፈል ወይስ የሁለተኛ ፎቅ ነዋሪዎች የሚለው ላይ ነው የቀረነው።